ከዝመናው ማግስት የጠፋብን ቀን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ፣ ዕድሜ የጠገቡ ኮምፒዩተሮች ያሏቸው የሱቅ፣ የጽሕፈት ቤትና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ዕቃቸውን ከመጣል ይልቅ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነጻ ሥርዓት፣ ሊኑክስን፣ እንዲጭኑበት የሚመክር ሰው በከተማችን በዝቷል። ምክሩ ትክክለኛ ነው፤ እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ምክሩ ሁልጊዜ የሚያበቃው ሊኑክስ ተጭኖ፣ ዴስክቶፑ አምሮ፣ ፎቶው በስልክ ተነሥቶ ለጓደኛ በተላከበት ቀን ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ አዲስ ዕትም ሲመጣና አሮጌውን ማዘመን ግድ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ቀን ያሳመርነው ገጽታ ምን እንደሚደርስበት የሚነግረን የለም። እኔ ይህን በሥራ ቦታዬ፣ በደንበኛ ፊት፣ አፍሬ ስለተማርሁት፣ ሌሎች ሳይሻገሩ በፊት እንዲያውቁት በማለት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር 6 ኮምፒዩተሮች ያሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ጠዋት የፍርድ ቤት ማመልከቻና መልስ፣ ከሰዓት በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ በየመሀሉ ደግሞ የኪራይ ውልና ሲቪ እንጽፋለን። ከሊኑክስ ጋር የተዋወቅሁት በ1999 ዓ.ም. ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሹትልወርዝ ያቋቋመው፣ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚያዘጋጀው ኩባንያ በዚያን ዘመን ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ የፖስታውን ሒሳብ ሳይቀር ራሱ ከፍሎ ይልክ ነበር፤ እኔም ጠይቄ፣ በቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ሄጄ ተረከብሁ። ይህ የነጻ ሲዲ እደላ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆሟል። ያች ሲዲ ግን ዛሬም በመሳቢያዬ ውስጥ አለች፤ ለምን እንደማልጥላት ጸሐፊዎቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል።

በሲዲዋ የመጣው ዴስክቶፕ፣ ማለትም በማያው ላይ የምናየውንና የምንሠራበትን ገጽታ የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ግኖም የሚባለው ሲሆን፣ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመሩት ሚጌል ዴ ኢካሳና ፌዴሪኮ ሜና የተባሉ ሁለት ሜክሲኮአውያን ናቸው፤ የአደባባዩ ሳይሆን የአገሩ። በዚያን ጊዜው ግኖም ላይ ከላይና ከታች ሁለት አሞሌዎች ነበሩ፤ ከላይኛው ፕሮግራም ይመረጣል፣ በታችኛው የተከፈተው መስኮት ሁሉ ተደርድሮ ይታያል። አሞሌ የሚለውን ስም የማውቀው ከአማርኛ የኮምፒዩተር ትርጉሞች ነው፤ ቀጭንና ረዥም መሆኑ የድሮውን የጨው አሞሌ ስለሚያስታውሰኝ ወድጄው ቀርቷል። ለአንድ ጸሐፊ ከታችኛው አሞሌ የሚበልጥ ነገር የለም። በአንድ ጊዜ የአራት ደንበኛ ወረቀት ከፍታ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትዘል ሴት፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ ሳታስብ እጇ እንዲያገኘው ትፈልጋለች።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 የወጣው ግኖም 3 ይህን ታችኛ አሞሌ አነሣው። አዘጋጆቹ ሰው በአንድ ጊዜ በአንድ ሥራ ላይ እንዲያተኩር አስበው ያደረጉት ነው፤ ሐሳባቸውን አልንቅም፣ ነገር ግን የጽሕፈት ቤት ሥራ እንዲህ አይደለም። ከተቆጡት መካከል አንዳንዶቹ የድሮውን ግኖም ቀድተው ማቴ በሚል ስም ማሳደጋቸውን ቀጠሉ፤ የሊኑክስ ሚንት ሰዎች ሲናሞን የሚባለውን ሠሩ፤ ኡቡንቱ ራሱ ዩኒቲ ወደሚባል የራሱ ዴስክቶፕ ሄዶ እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2017 ድረስ አልተመለሰም። ከግኖም ጋር ለቀረነው ደግሞ በተለምዶ ኤክስቴንሽን የምንላቸው ቅጥያዎች መጡልን። ቅጥያ ማለት ጃቫስክሪፕት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ የዴስክቶፑ ልብ ወደሆነው ሼል ውስጥ ገብቶ የጎደለውን ይጨምራል ወይም ያለውን ይለውጣል። ታችኛውን አሞሌ ይመልሳል፣ ምልክቶችን በዴስክቶፑ ላይ ይደረድራል፣ በሰዓቱ ቦታ ሌላ ነገር ይጽፋል።

እኛም ኡቡንቱ 22.04 በሚባለው ዕትም ላይ ዴስክቶፓችንን በዚህ መንገድ አበጀን። ዴሽ ቱ ፓኔል በሚባለው ቅጥያ ታችኛውን አሞሌ መለስን። በላይኛው አሞሌ መሀል ላይ ደግሞ፣ በዚያን ጊዜ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የነበረው የእህቴ ልጅ የሠራልን ቅጥያ የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት ያሳይ ነበር። ይህኛው ከሁሉ የከበረ ነበር፤ ምክንያቱም ከእኛ ቤት የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ከአናቱ ላይ ቀን አለበት፣ ያ ቀን ደግሞ በእኛ ዘመን አቆጣጠር የሚጻፍ ነው። ጸሐፊዎቼ ለሁለት ዓመት ያህል ቀና ብለው ያንን አይተው ጽፈዋል። የግድግዳው ካላንደር የስልክ ቁጥር መጻፊያ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

ቅዳሜ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ 6ቱንም ኮምፒዩተሮች ወደ አዲሱ ዕትም፣ ወደ ኡቡንቱ 24.04፣ ማዘመን ጀመርሁ። መብራት ይጠፋል ብዬ ስለሠጋሁ ቅዳሜ ማታ እዚያው አመሸሁ፤ እሑድም ከቅዳሴ መልስ ጨረስሁት። ማሽኖቹ ተነሡ፣ ፋይሎቹ በቦታቸው ነበሩ፣ ፕሪንተሩ ይሠራል። ሁሉንም በየተራ አስነሥቼ የይለፍ ቃል መጠየቂያው መምጣቱን ካየሁ በኋላ አጠፋኋቸው፤ በእያንዳንዷ ጸሐፊ ስም ገብቼ ዴስክቶፑን አላየሁም። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ ጥያቄ የመጣችው ከሁሉ ከቆየችው ጸሐፊያችን ነው። «ጋሼ፣ ታችኛው መስመር የት ሄደ?» አለችኝ። ከእርሷ ኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። አሞሌው የለም፣ በላይኛው አሞሌ መሀልም «ዲሴምበር 9» የሚል ብቻ ቀርቷል። የቅጥያዎቹን መቆጣጠሪያ ስከፍት ሁሉም በስማቸው ተደርድረዋል፤ ነገር ግን ከዚህ ዕትም ጋር እንደማይስማሙ የሚገልጽ ማስታወሻ ከአጠገባቸው ተጽፎባቸዋል። ደንበኛ ተሰልፏል፤ እኔ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው እየተንከራተትሁ ሳለ ጸሐፊዎቹ እንደምንም ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚያ ጠዋት አንድ አዛውንት የመከላከያ መልሳቸውን ሊያጽፉ መጥተው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ መልሱን እንዲያቀርቡ የሰጣቸው የመጨረሻ ቀን ያው ዕለት፣ ኅዳር 30 ነበር። ጸሐፊያችን ጽሑፉን ያለ አንድ ስሕተት ጨርሳ፣ እንደ ልማዷ ቀና ብላ ቀኑን አየች። ዲሴምበር 9 ይላል። ዲሴምበር ታኅሣሥ ነው ብላ፣ ቁጥሩንም እንዳለ ወስዳ፣ «ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብላ ጻፈች። አዛውንቱም ፈርመው ይዘው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ላባቸውን እየጠረጉ ሲመለሱ፣ ጉዳዩን የተቀበለው ሠራተኛ ገና 9 ቀን የሚቀረው፣ ከቀነ ገደቡም ያለፈ ወረቀት እንዴት ዛሬ ይዘው እንደመጡ ጠይቆ መልሷቸው ኖሮ፣ «ልጄ፣ ገና ያልኖርሁትን ቀን ጻፍሽብኝ እኮ» አሏት። እርሷም ተነሥታ «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ» አለች፤ ወረቀቱን አርመን፣ የትራንስፖርታቸውን ሰጥተን ላክናቸው፤ ከመዘጋቱ በፊት ደርሰው አስገቡ። ባይደርሱ ኖሮ የአንድ ሰው የመሬት ክርክር በአንድ የኮምፒዩተር ቅጥያ ምክንያት ሊበላሽ ይችል እንደነበር ሳስብ አሁንም ያመኛል። ጥፋቱ የጸሐፊዋ አልነበረም፤ ለሁለት ዓመት ቀና ብለሽ እዪ ያልኋት እኔ ነኝ።

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ በዚያ ሳምንት ነው። በከተማችን አሮጌ ሰፈር ያደገ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከዋናው ቤት ግድግዳ ጋር በሚስማር ተያይዞ የተቀጠለ የቆርቆሮ ጓዳ አለ፤ የራሱ ምሰሶ የለውም፣ የቆመው በዋናው ቤት ነው። የቤቱ ባለቤት ግድግዳውን አፍርሶ በብሎኬት ሲሠራ ጓዳው ይወድቃል፤ ባለቤቱ ጓዳውን ሊያፈርስ አስቦ አይደለም፣ ሚስማሩ የተመታበት እንጨት ስለሌለ ነው። የግኖም ቅጥያዎችም እንዲሁ ናቸው። ለቅጥያ ሠሪዎች ተብሎ ተለይቶ የተዘጋጀና እንደማይለወጥ ቃል የተገባለት በር የለም ማለት ይቻላል፤ ቅጥያው በቀጥታ ወደ ሼሉ የውስጥ አካል ገብቶ የሚፈልገውን ይነካካል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለው ተረት የተተረተው ለእነርሱ ይመስለኛል። ብዙ ነገር ማድረግ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሼሉ በየ6 ወሩ፣ በማርችና በሴፕቴምበር፣ አዲስ ዕትም ባወጣ ቁጥር የሚሰበሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኡቡንቱ 22.04 የያዘው ግኖም 42ን ሲሆን 24.04 የያዘው ደግሞ 46ን ነው። እኛ በአንድ ሌሊት አራት ደረጃ ዘለናል ማለት ነው፤ ከዘለልናቸው መካከልም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የወጣው 45ኛው ይገኝበታል። በእርሱ ላይ ሼሉ የጃቫስክሪፕት ክፍሎቹን የሚያስገባበትን የቆየ አሠራር ትቶ ዛሬ በሌላው ዓለም ወደሚሠራበት የሞጁል ሥርዓት ተሻገረ። ለውጡ ለቋንቋው ሥርዓት የሚገባ ነበር፤ ሆኖም ለ44 እና ከዚያ በፊት ለነበሩት የተጻፈ ቅጥያ ሁሉ፣ ትንሹም ትልቁም፣ ካልተስተካከለ በቀር በ45 ላይ አይነሣም። ከዚያ በፊት እኔ አንድ የአቋራጭ ዘዴ ነበረኝ። እያንዳንዱ ቅጥያ ሜታዳታ የሚባል ትንሽ ፋይል አለው፤ በውስጡ የሚስማማቸው የሼል ዕትሞች ቁጥር ተዘርዝሯል። ቅጥያው ሲሰናከል ፋይሉን ከፍቼ አዲሱን ቁጥር በገዛ እጄ ስጨምርበት ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ይሠራ ነበር። በዚያ ሰኞም 46 ብዬ ጨመርሁ። ማስታወሻው ተነሣ፣ በቦታው ደግሞ የስሕተት መልእክት መጣ። ቁጥሩ የበር ላይ ታርጋ ነው፤ እኔ የለወጥሁት ታርጋውን ነው፣ የተለወጠው ግን ቤቱ ነበር።

ታችኛው አሞሌ በቀላሉ ተመለሰ። የዴሽ ቱ ፓኔል ሠሪዎች ለ46 የሚስማማ ዕትም አስቀድመው አውጥተው ስለነበር ሼሉ ራሱ አውርዶት ኖሯል፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ተጠቃሚው ወጥቶ እንደገና ሲገባ ብቻ ነው። ጸሐፊዎቹ ለምሳ ወጥተው፣ ኮምፒዩተሮቹን ዘግተው፣ ተመልሰው ሲከፍቱ አሞሌው በቦታው ነበር፤ እኔ ግማሽ ቀን የለፋሁበት ነገር በምሳ ሰዓት ተፈታ። ይህን ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው፤ ከዝመና በኋላ ከመደናገጥ በፊት አንድ ጊዜ ወጥቶ መግባት ይበጃል።

ቀሪዎቹን ቅጥያዎች ስቆጥር በ6ቱ ማሽኖች ላይ 11 ዓይነት አገኘሁ። እኔ የማውቃቸው 3 ብቻ ነበሩ። አንዱ መስኮት ሲጎተት እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚያወዛውዝ ነው፤ የጫነው ወጣቱ ጸሐፊያችን ለጥቅም ሳይሆን ለውበት እንደሆነ ሳይደብቅ ነገረኝ። ሌሎቹ ሠሪዎቻቸው ከተዉአቸው ዓመታት ያለፉ ናቸው። ውበት የሚጠላ ሰው አይደለሁም፣ ግን ቅጥያ ከሼሉ ጋር በአንድ ሂደት ውስጥ እንደሚሠራ መታወቅ አለበት። አዲሶቹ ኡቡንቱዎች መስኮቶችን በማያ ላይ ለማሳየት በነባሪ በሚጠቀሙበት ዌይላንድ በሚባል አሠራር ላይ ሼሉ ከወደቀ የሚወድቀው ብቻውን አይደለም፤ የተከፈተው ፕሮግራም ሁሉ አብሮት ይዘጋል፣ ያልተቀመጠ ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። በቀድሞው አሠራር ሼሉን ብቻ እንደገና አስነሥቶ ሥራን መቀጠል ይቻል ነበር፤ በዌይላንድ ይህ የለም። 80 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ በተከፈተበት ኮምፒዩተር ላይ መስኮት ለማወዛወዝ ይህን ያህል መድፈር ተገቢ አልመሰለኝም፤ 8ቱን አስወገድሁ።

በዚያ ሁሉ ትርምስ መሀል አንድ ነገር ሳይነካ ማለፉን ያስተዋልሁት ቆይቼ ነው፤ እርሱም የአማርኛ አጻጻፋችን ነበር። ጸሐፊዎቹ እንደተለመደው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ፊደል በሁለት ቁልፍ ይቀያየራሉ፣ «ሰላም»ን በላቲን ቁልፍ መትተው በግዕዝ ፊደል ያገኛሉ፣ አንድም ሆሄ አልጠፋም። የዚህ ምክንያት ግልጽ ነው። ፊደላችን የዓለም ፊደላት ለኮምፒዩተር በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዕትም 3.0፣ ውስጥ ገብቷል፤ አይባስ የሚባለው የፊደል ማስገቢያም እ.ኤ.አ. ከ2012ቱ ግኖም 3.6 ጀምሮ ከዴስክቶፑ ጋር ተዋሕዷል። ስለዚህ ግድግዳው ሲታደስ አብሮ ይታደሳል። ቀናችን ግን ጓዳ ውስጥ ነበር።

የሚያስቆጨውም ዘመን አቆጣጠራችን ለኮምፒዩተር እንግዳ አለመሆኑ ነው። የቋንቋና የቀን ልማዶች የሚሰበሰቡበት የዩኒኮድ መረጃ የኢትዮጵያን ካላንደር ከ13ቱም ወሮቹ ጋር ይዞታል፤ ጃቫስክሪፕት ራሱ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሳየኝ ሲባል ያሳያል። በስልክና በማሰሻ ውስጥ ይሠራል። የግኖም ሰዓት ግን ይህን አይጠይቅም፤ እኛም እንዲጠይቅ በሚገባው ቦታ አላመለከትንም። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ቅጥያ ሲሠራ ይህን ስላላወቀ ስሌቱን ሁሉ በእጁ ጽፎት ነበር፤ አዲስ ዓመት አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ላይ መዋሉን፣ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን መሆኗን፣ ሁሉንም። እርሱ አሁን ውጭ አገር ነው። በስልክ ሳስረዳው ሳቀ፤ «አጎቴ፣ ያንን ኮድ እስካሁን ትጠቀሙበታላችሁ?» አለኝ። በሁለት ሌሊት ለ46 በሚስማማ መንገድ እንደገና ጻፈልን፤ ቀኑን ጃቫስክሪፕት እንዲሰጠው አደረገ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለማሳየት ደግሞ 6 መቀነስ ብቻ በቂ ስለነበር በአንድ መስመር ጨረሰው። ፋይሉ ከቀድሞው ሲሶ አይሞላም።

ወደ ዋናው ቤት መግባት ብቻውን ዋስትና ነው ብዬ እንዳልታማ አንድ የማውቀውን ታሪክ ልጨምር። ኬዲኢ የተባለው ሌላው ትልቅ ዴስክቶፕ በ4ኛው ትውልዱ ላይ ተጠቃሚው ሊመርጣቸው ከሚችላቸው ካላንደሮች መካከል የኢትዮጵያንም ይዞ ነበር። ቅጥያ አልነበረም፣ ከዴስክቶፑ ጋር የመጣ ነው። ወደ 5ኛው ትውልድ ሲሸጋገር ያ የካላንደር ክፍል እንዳለ ተተወ፤ እኛም ነበረን ብሎ የጮኸ ሰው በእኛ ዘንድ አልሰማሁም። ምናልባት መኖሩን ያወቅን ጥቂቶች ስለነበርን ይሆናል። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው የሚከራከሩለት፣ ሰነድ የሚጽፉለት፣ በየስብሰባው የሚከታተሉት ሰዎች ስለነበሩት ነው፤ ቀናችን በዴስክቶፑ ላይ እንዲህ ዓይነት ሰው አላገኘም። ይህን የማነሣው የውጭ አገር ሠሪዎችን ለመውቀስ አይደለም፤ አብዛኞቹ በፈቃደኝነት፣ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ናቸው፤ ጳጉሜንን እንዲያስታውሱልን መጠበቅም አይገባንም።

ወደ ሊኑክስ ለሚሻገሩት ከዚህ ተነሥቼ የምለው ይህ ነው። ዴስክቶፑን ስትመርጡ የምትወዱትን አሠራር በቅጥያ ከመገንባት ይልቅ ከመጀመሪያው ያንን አሠራር ይዞ የመጣውን ምረጡ። ዊንዶውስ የለመደ ሰው ግኖምን በ10 ቅጥያ ዊንዶውስ ሊያስመስለው ሲታገል አያለሁ፤ ሲናሞን፣ ማቴ ወይም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ የተከፈቱ መስኮቶችን የሚደረድረውን አሞሌ ሲወለዱ ይዘውት መጥተዋል፣ ኤክስኤፍሲኢ ደግሞ ራሙ (የሥራ ማህደረ ትውስታው) ጠባብ ለሆነ አሮጌ ማሽንም ቀላል ነው። እንደ እኔ ግኖምን የለመደ ደግሞ የግኖም ፕሮጀክት ራሱ ከእያንዳንዱ ዕትም ጋር አብሮ የሚያወጣቸው ጥቂት ቅጥያዎች እንዳሉ ይወቅ፤ የተከፈቱ መስኮቶችን ከታች የሚዘረዝር፣ ከላይ የፕሮግራም ዝርዝር የሚያወጣ፣ ወደ ፎልደር አቋራጭ የሚሰጥ ይገኙባቸዋል። ውበታቸው እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ ግን ግድግዳውን የሚያድሰው ሰው ራሱ ጓዳውንም ያድሳል። ኡቡንቱ ከራሱ ጋር የሚጭናቸው፣ ለምሳሌ የጎን መደርደሪያውና የዴስክቶፕ ምልክቶቹ፣ እነርሱም ቅጥያዎች ናቸው፤ በእኛ ዝመና ላይ ሳይሰበሩ የቀሩት ከሥርዓቱ ጋር አብረው ስለሚዘምኑ ነው።

ማዘመኑን በተመለከተ ደግሞ መቸኮል አያስፈልግም። የኡቡንቱ የረዥም ጊዜ ዕትሞች በየሁለት ዓመቱ ቢወጡም እያንዳንዳቸው የ5 ዓመት መደበኛ ድጋፍ አላቸው፤ የ22.04 ድጋፍ እስከ እ.ኤ.አ. 2027 ስለሚዘልቅ እኔ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም። 6ቱን በአንድ ጊዜ ከማዘመን አንዱን አዘምኜ፣ ጸሐፊዋ ሁለት ሳምንት ሠርታበት፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ መሄድ ነበረብኝ። ከዚያም በፊት አዲሱን ዕትም በፍላሽ ላይ አድርጎ ሳይጭኑ ማስነሣት ይቻላል፤ የሚያስፈልጉ ቅጥያዎች ለዚያ የሼል ቁጥር መውጣታቸውን ለማየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የቅጥያዎቹ ቅንብር ሁሉ ዲኮንፍ በሚባል አንድ ማከማቻ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከዝመናው በፊት በጽሑፍ ፋይል አውጥቶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥም ደግ ነው፤ እኔ ይህን ባለማድረጌ የአሞሌውን ስፋትና የቁልፎቹን አደራደር በ6 ማሽን ላይ ከትዝታ ሠርቻለሁ።

የቀኑ ቅጥያ አሁን በአራት ኪሎ ግቢ ኮምፒዩተር ሳይንስ በምትማር አንዲት ልጅ እጅ ነው። የእህቴ ልጅ ከሩቅ እየተጠራ ሊሠራው እንደማይችል ስለተረዳሁ እርሷን ጠየቅሁ፤ ክፍያዋ የመመረቂያ ጽሑፏን በነጻ ማተምና መጠረዝ ነው፣ በጽሑፍም ተዋውለናል። ጎበዝ ናት። የኮምፒዩተሩን ቀን ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ወስዳ ቅጥያው ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ማለቱን፣ በማግስቱም መስከረም 1 ቀን 2020 ማለቱን አሳይታኛለች። አሁን የግኖም ሰዓት ራሱ የአገርን ካላንደር እንዲጠይቅ የሚያመለክት ጽሑፍ ለሠሪዎቹ በእንግሊዝኛ እያዘጋጀች ነው፤ እኔ የማግዛት የፍርድ ቤቱን ወረቀት ታሪክ በምሳሌነት በመንገር ብቻ ነው።

ሆኖም እርሷም በሰኔ ትመረቃለች። ከእርሷ ቀጥሎ ፋይሉን ተረክቦ ለሚመጣው የሼል ዕትም የሚያስተካክል፣ ማመልከቻውንም መልስ እስኪያገኝ የሚከታተል ተማሪ ወይም ባለሙያ ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ካለ፣ ቤታችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው። የማተሚያውና የመጠረዣው ውል ለእርሱም ይሠራል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የአንድ ጽሕፈት ቤት ባለቤት
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ